እሾህን በእሾህ፤ ባክቴሪያን የሚገድሉ ቫይረሶችና የወተት ላሞች ጤና

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

በየካ ክፍለ ከተማ ከኮተቤ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በእንጦጦ ተራራ ሥር ባሉ ሰፈሮች ላም የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ችግር አለ። በደህና ስትታለብ የቆየች ዲቃላ ላም ከአራቱ ጡቶቿ አንዱ በድንገት ያብጣል፤ ይሞቃል፤ ወተቱ ይቋጥራል፤ አንዳንዴም ደም ይቀላቅላል። መድኃኒት ተገዝቶ ትወጋለች ወይም በጡቷ ቀዳዳ ይጨመርላታል፤ ሻል ይላታል። ብዙም ሳይቆይ በሽታው ይመለሳል። ሌላ መድኃኒት ይሞከራል፤ እሱም ካልሠራ ሌላ። በመጨረሻ ያ ጡት ይደርቃል፤ ላሚቱም ከወተት ዋጋዋ በብዙ ባነሰ ሒሳብ ለሥጋ ትሸጣለች። ስንት ዓመት የተለፋባት፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣባት ላም በዚህ ዓይነት ከበረት ትወጣለች።

የዚህ ንግግር ዓላማ ሁለት ነገር ማስረዳት ነው። አንደኛው፣ መድኃኒቱ ለምን እየሰነፈ እንደሄደ። ሁለተኛው፣ ባክቴሪያን የሚገድሉ ቫይረሶችን ለሕክምና ስለማዋል የሚደረገው ምርምር ምን ላይ እንደ ደረሰና ከወዲሁ ከወተት አምራቹ ምን እንደሚጠበቅ።

መድኃኒቱ ለምን ሰነፈ?

የጡት በሽታን ከሚያመጡ ባክቴሪያዎች ዋነኛው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ ይባላል። ይህ ተሕዋስ በላም ግት ብቻ ሳይሆን በአላቢው እጅ፣ በአፍንጫና በቁስል ላይም ይኖራል። በአዲስ አበባ በወተት ላሞች፣ በቄራና በሰዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ከተገኙት የዚህ ባክቴሪያ ዝርያዎች ብዙዎቹ ፔኒሲሊንን የተላመዱ መሆናቸው ታውቋል።

መላመድ ማለት ምን እንደሆነ ለገበሬ ማስረዳት አይቸግርም። ማሳ በግማሽ ታርሞ ቢተው ሥሩ የጠለቀው አረም ይቀራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ማሳውን የሚሞላው የዚያው የጠንካራው አረም ዘር ነው። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ላሚቱ ሻል ስላላት ብቻ ሕክምናው ሳያልቅ ሲቋረጥ፣ መጠኑ ሲቀነስ፣ ወይም በሽታው ሳይታወቅ በግምት ሲሰጥ ደካማው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ጠንካራው ይተርፋል፤ ይራባልም። ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ መድኃኒቱን ከሚገባው በታች መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር።

ጉዳቱ በበረት አያበቃም። መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት የተወሰኑ ቀናት ሳይቆጠሩ ለገበያ ከቀረበ መድኃኒቱ በወተቱ ውስጥ ይኖራል። እርጎ የሚያመርት ሰው ይህን ቀድሞ ያውቀዋል፤ እርሾው ይሞታል፤ ወተቱ አልረጋ ይላል። ወተቱን የሚጠጣው ልጅ ግን ምልክት አይሰጥም። ከበረት የሚወጣው ፍሳሽ ደግሞ ከእንጦጦ ወደሚወርዱት እንደ ቀበና ወዳሉ ወንዞች ይገባል፤ እነሱም ወደ ትልቁ አቃቂ ይፈስሳሉ፤ በአቃቂ ውኃም አትክልት ይለማል። በአንድ በረት የተለማመደ ባክቴሪያ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል፤ ሸክሙ ከሁሉ የከበደውም ከሰሐራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ላይ ነው።

የባክቴሪያ ጠላት

ቫይረስ ሲባል ሰው የሚያስበው ጉንፋንን፣ ኤች.አይ.ቪን ወይም ኮሮናን ነው። ይሁን እንጂ ሰውንም ከብትንም የማይነኩ፣ ባክቴሪያን ብቻ እያጠቁ የሚኖሩ ቫይረሶች አሉ። ስማቸው ባክቴሪዮፌጅ፣ ባጭሩ ፌጅ ይባላል፤ ትርጉሙም ባክቴሪያ በል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትወርት፣ በ1917 ደግሞ በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል በየፊናቸው ደረሱባቸው። ስሙን ያወጣላቸው ዴሬል ሲሆን፣ ገና በ1919 በፈረንሳይ ገጠር በዶሮ ታይፎይድ ላይ ሞክሯቸዋል። ስለዚህ ፌጅ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከእርባታ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

የዴሬል ባልደረባ የነበረው ጆርጅ ኤሊያቫ እ.ኤ.አ. በ1923 በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ ተቋም መሠረተ። ኤሊያቫ በ1937 በስታሊን ዘመን በግፍ ተገደለ፤ ተቋሙ ግን እስከ ዛሬ በፌጅ ሕሙማንን ያክማል። በምዕራቡ ዓለም ፔኒሲሊን በብዛት መመረት ሲጀምር ፌጅ ተረሳ። መድኃኒቱ ሲሰንፍ ነው የድሮው ዕውቀት እንደገና የተፈለገው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፌጅ ከባክቴሪያው አካል ላይ ይጣበቅና የራሱን ዘር ወደ ውስጥ ያስገባል። ባክቴሪያውም ሳይወድ የፌጅ ማምረቻ ይሆናል። አንዳንዱ ፌጅ በግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ መቶና ከዚያ በላይ ልጆች ያፈራል፤ ከዚያም ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ የወጡትም ሌላ ባክቴሪያ ፍለጋ ይሄዳሉ። የሚያጠቁት ባክቴሪያ ሲያልቅ እነሱም እየጠፉ ይሄዳሉ። እሾህን በእሾህ ማለት ይህ ነው።

የሚገኙትም ባክቴሪያ ባለበት ሁሉ ነው። በአፈር፣ በእበት፣ ከሁሉም ይልቅ በፍሳሽ ውኃ ውስጥ ሞልተዋል። ተመራማሪ ከቆሸሸ ወንዝ ውኃ ይቀዳና ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጥለያ ያጠልለዋል። የተጠለለውን በባክቴሪያ በተሸፈነ ሰሃን ላይ ሲያደርገው፣ ፌጅ ካለ በማግሥቱ ሽፋኑ ብል እንደ በላው ነጠላ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ይህ ግን የላቦራቶሪ ሥራ ነው። ፌጅ አለበት ተብሎ በወንዝ ውኃ ቁስል ማጠብ ወይም የላም ጡት መዘፍዘፍ በሽታ መጋበዝ ነው።

ተስፋውና ልኩ

በእንግሊዝ አገር ስሚዝና ሀጊንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በጥጆች፣ በግልገሎችና በአሳማ ግልገሎች ላይ የሚያመጣውን ተቅማጥ በፌጅ ማዳን እንደሚቻል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ቶም ፓተርሰን የተባሉ ፕሮፌሰር፣ ግብፅ ሳሉ የያዛቸውን መድኃኒት ሁሉ ያቃተው ሕመም ከፍሳሽ ጭምር በተገኙ ፌጆች ታክመው ድነዋል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ለገሠ ጋረደው ከባልደረቦቻቸው ጋር በአውስትራሊያ ፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ2020 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ቁስል ላይ መድኃኒት የተላመደውን ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በሦስት ፌጆች ቅልቅል ማከም ቫንኮማይሲን ከተባለው ጠንካራ መድኃኒት ጋር የሚመጣጠን ውጤት እንደሰጠ ያሳያል። የላሞችን ጡት የሚያጠቃው ባክቴሪያም ከዚሁ ወገን ነው።

ለወተት አምራቹ ግን እውነቱ ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት በጡት በሽታ በተያዙ ታላቢ ላሞች ላይ ፌጅ ተሞክሮ ከ18 ጡቶች የዳኑት 3 ብቻ ነበሩ። ፌጅ ካልተሰጣቸው 20 ጡቶች አንድም አልዳነም፤ ስለዚህ ጨርሶ ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን ማንም ገበሬ ገንዘቡን የሚያወጣበት ውጤት አይደለም። አንዱ ምክንያት ራሱ ወተቱ ነው። በጥሬ ወተት ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ባክቴሪያውን ስለሚሸፍኑት ፌጁ የሚጣበቅበት ቦታ ያጣል።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። ባክቴሪያ ፌጅንም ሊላመድ ይችላል፤ ለዚህም ነው ቅልቅል የሚሠራው። አንዳንድ ፌጆች ባክቴሪያውን ከመግደል ይልቅ በውስጡ ተደብቀው ይኖራሉ፤ የኮሌራ ባክቴሪያ መርዙን የሚሠራው እንዲህ ካለ ፌጅ ባገኘው ዘር ነው። ስለዚህ ለሕክምና የሚመረጠው ተጣርቶ ነው። በእርጎና በአይብ ፋብሪካ ደግሞ ፌጅ ጠላት ነው፤ የእርሾውን ባክቴሪያ እየገደለ ምርት እንደሚያበላሽ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

ከሁሉም በላይ አንድ ፌጅ የሚገድለው አንድን የባክቴሪያ ዓይነት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዓይነት ጥቂት ዝርያዎችን ብቻ ነው። ይህ ጠቀሜታም ችግርም ነው። ጠቀሜታው፣ ለሆድና ለእርጎ የሚበጀውን ባክቴሪያ አለመንካቱ ነው። ችግሩ፣ ላሚቱን የያዛት ተሕዋስ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ፌጅ መስጠት አለመቻሉ ነው። በግምት ለሚያክም ሰው ፌጅ ምንም አይሠራለትም።

ከዩኒየኑና ከአባላቱ የሚጠበቀው

ዛሬ ለጡት በሽታ የሚሆን ፌጅ በመድኃኒት ቤት የሚገዛ ዕቃ አይደለም። እስኪመጣ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› ይሆናል። ነገር ግን ነገ ፌጅን ለመጠቀም የሚያስፈልገው ዝግጅትና ዛሬ ያለውን መድኃኒት ከመስነፍ የሚያድነው ሥራ አንድ ዓይነት ነው። እሱም በሽታን በስሙ ማወቅ ነው። ይህን ደግሞ አንድ ባለ ሁለት ላም አርቢ ብቻውን አይችለውም፤ በማኅበር ግን ይቻላል።

1ኛ. በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች የካሊፎርኒያ ምርመራ የተባለውን ቀላል ዘዴ በየጊዜው ማካሄድ። ከአራቱ ጡቶች ጥቂት ወተት በባለ አራት ጉድጓድ ሰሃን ታልቦ መመርመሪያው ፈሳሽ ሲጨመርበት የታመመው ጡት ወተት ይወፍራል። ምልክት ሳያሳይ የተደበቀ በሽታ በዚህ ይገኛል።

2ኛ. መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ናሙና ወስዶ ወደ ላቦራቶሪ መላክ። በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ በሰበታም የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አሉ። ለአንድ አርቢ የማይመች የናሙና ጉዞ ለዩኒየን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚደረግ ሥራ ነው።

3ኛ. የየላሟን የሕክምና መዝገብ መያዝ፤ ምን ታመመች፣ ምን ተሰጣት፣ ስንት ቀን፣ ዳነች ወይስ አልዳነችም።

4ኛ. ከአለባ በፊት እጅንና ግትን መታጠብ፣ ለየላሟ የተለየ ጨርቅ መያዝ፣ የታመመችውን መጨረሻ ማለብ፣ ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ እስኪዘጋ ወዲያው እንዳትተኛ መኖ ማቅረብ። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ከዚህ የሚረክስ መድኃኒት የለም።

5ኛ. መድኃኒት የተሰጣት ላም ወተት ቀኑ እስኪሞላ ድረስ እንዳይሸጥ ማድረግ። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ወተቱን የሚደፋው አባል የዕለት ገቢውን ያጣል፤ ጎረቤቱ ግን ደብቆ ይሸጣል። እውነተኛው ሰው እየከሰረ ሐሰተኛው የሚያተርፍበት ደንብ ዕድሜ የለውም። ስለዚህ ዩኒየኑ ከየሊትሩ ጥቂት ሳንቲም እያስቀረ፣ ወተቱን በሐቅ ለሚያስቀር አባል ከኪሳራው ከፊሉን የሚሸፍን መጠባበቂያ ቢያቋቁም ሕጉ በሰው ልብ ይጸናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከክፍለ ከተማና ከወረዳ ኃላፊዎችም የሚጠበቅ አለ። የእንስሳት መድኃኒት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ እንዳይሸጥ መቆጣጠር፣ የበረት ፍሳሽ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ቦታና ዘዴ ማመቻቸት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቁጥር ከላሞቹ ቁጥር ጋር እንዲመጣጠን ማድረግ።

ክቡራትና ክቡራን፣

አንቲባዮቲክ እንደ ግጦሽ መሬት የጋራ ሀብት ነው፤ አንዱ ሲያባክነው ሁሉም ይጎድልበታል። ፌጅ ነገ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ በረት ሲመጣ የሚጠቀምበት፣ ላሙን የያዛት ምን እንደሆነ አስመርምሮ የሚያውቅና መዝገብ ያለው ማኅበር ነው። ያ ቀን እስኪደርስም ይኸው ማኅበር ላሞቹን ከሥጋ ገበያ፣ ወተቱን ከመደፋት፣ ልጆቹንም መድኃኒት ከማያድነው ሕመም ይጠብቃል።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን።