የመኪናና የቤት መድን፦ ከዋጋው በፊት ውሉን እንመልከት

  

ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከመስጊድ ደጃፍ የተነሳ ነው። በቅርቡ እዚህ ወገዳ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ሁለት ወረቀት ይዞ መጣ። አይሱዙ የጭነት መኪና አለው፤ ከስማዳ እህል ጭኖ ወደ ደብረ ታቦርና ባሕር ዳር ይመላለሳል። «ሸሃችን፣ አንዱ ኩባንያ 64 ሺህ ብር ይለኛል፣ ሌላው 57 ሺህ። የትኛው ይሻለኛል? ደግሞስ ነገሩ ሐራም አይደለም ወይ?» አለን። ሁለቱን ጥያቄዎች ያቀረበበት ቅደም ተከተል ብዙዎቻችን የምንሄድበት ነው፤ መጀመሪያ ዋጋ፣ ቀጥሎ ሐላልና ሐራም። እኛ ገልብጠን ከሁለተኛው እንጀምራለን።

እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ፣ በቁርጥ አረቦን የሚፈጸመው የንግድ መድን ውል ከባድ «ገረር» ስላለበት የተከለከለ ነው ሲል ወስኗል። ገረር ማለት ሻጭም ገዢም ምን ሰጥቶ ምን እንደሚቀበል በውል ሳያውቅ የሚገባበት ግብይት ነው። ያው ጉባኤ አባላቱ በበጎ ፈቃድ የሚያዋጡበትን፣ ማለትም በ«ተበሩዕ» ላይ የቆመውን የመረዳዳት መድን ግን ፈቅዷል። እንደ ሸኽ ሙስጦፋ አዝ-ዘርቃ ያሉ የንግድ መድንንም የፈቀዱ ታላላቅ ዑለማዎች እንደነበሩ ልንደብቃችሁ አንፈልግም፤ አብዛኛው የዘመናችን የፊቅህ ጉባኤ ግን ከመጀመሪያው አቋም ጋር ነው።

የመረዳዳቱ መንገድ ለኛ እንግዳ አይደለም። አሽዐሪዮች ስንቅ ሲያልቅባቸው ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው እኩል ይካፈሉ እንደነበር፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ምግባራቸው እንዳወደሷቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በአገራችንም የአንድ ሰው ቤት ሲቃጠል እንጨቱን፣ ቆርቆሮውንና ጉልበቱን ይዞ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ እድርም አለ። ይሁን እንጂ እድር ሬሳ ያነሳል፣ ጎጆ ያቆማል እንጂ ገደል የገባ አይሱዙ አይተካም።

ስለዚህ ትልቅ ማኅበር ያስፈልጋል። ሱዳኖች እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ አቋቋሙ። በአገራችን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ ካወጣ በኋላ በነባር ኩባንያዎች ውስጥ የተካፉል መስኮት መከፈት ጀምሯል፤ ግሎባል ኢንሹራንስ ከነዚህ አንዱ ነው። አንድ ኩባንያ «ተካፉል አለን» ሲላችሁ በስሙ ብቻ አትርኩ። የአባላቱ መዋጮ ከኩባንያው ገንዘብ ተለይቶ ይቀመጣል ወይ? ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ነው ወይ? ኩባንያው ለሥራው የሚወስደው ክፍያ ስንት ነው? ከካሳና ከወጪ የተረፈው ለማን ይሆናል? ፈንዱ ቢጎድል ኩባንያው ያለ ወለድ ያበድራል ወይ? የሸሪዓ አማካሪዎቹስ እነማን ናቸው? እነዚህን የሚመልስ ሰው መስኮቱ ላይ ከሌለ ሌላ መስኮት ፈልጉ።

ተካፉል በማይደረስበት ቦታስ? የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ ነው፤ ያለሱ መኪና መንገድ ላይ ማውጣት አይቻልም። ሕግ ያስገደደውን ባለመኪናው በግዴታነቱ ይገባበታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሙሉ ሽፋን ግን ተካፉል ሊያገኝ እየቻለ ከሌላ መግዛት አይገባውም እንላለን። የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠብቀው ባለመኪናውን ብቻ ሳይሆን የተገጨውን እግረኛና ቤተሰቡን ጭምር መሆኑንም እናስታውስ። ገጭቶ ያመለጠ መኪና ባይታወቅ እንኳ ተጎጂው የሚካስበት የመድን ፈንድ በሕግ ተቋቁሟል፤ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው። የሦስተኛ ወገን አረቦን ተመኑ በመንግሥት የተወሰነ ስለሆነ በእሱ ላይ ኩባንያ ለኩባንያ ማወዳደር ብዙ አይጠቅምም። ልዩነቱ ሙሉ ሽፋኑ ላይ ነው። ወንድማችን ይዞ የመጣውን ወረቀት ስናገላብጠው፣ 64 ሺህ ያለው ኩባንያ ጉዳት በደረሰ ቁጥር ባለመኪናው ከኪሱ የሚችለውን ተቀናሽ 5 ሺህ ብር አድርጎታል። 57 ሺህ ያለው ደግሞ የጉዳቱን አሥር በመቶ፣ ቢያንስ 20 ሺህ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ የመጀመሪያው በጠቅላላ 69 ሺህ ያስወጣዋል፣ «ርካሹ» 77 ሺህ። ይህን በብዕር ስናሰላለት ዝም አለ።

አገልግሎቱም ከዋጋው አይተናነስም። እኛ ዘንድ መኪና የሚበላሸው ከተማ መሐል አይደለም፤ ጉና ሥር በጉም፣ ወይም ወደ በሽሎ በሚወርደው ቁልቁለት ነው። መጎተቻውን ማን ይልካል? ወጪው እስከ ስንት ይሸፈናል? የጉዳት ገማቹ ከየት ነው የሚመጣው፣ በስንት ቀን? ጋራዡን ማን ይመርጣል? መኪናው ቆሞ በሚሰነብትበት ጊዜ የቀረው ገቢ የሚካስ አለመሆኑንም አስቡ። ከኩባንያው ወኪል ይልቅ ባለፈው ዓመት ካሳ የጠየቀ ሾፌር የበለጠ ይነግራችኋል፤ መነኻሪያ ሄዳችሁ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። ካሳ የሚጠይቅም ሰው መዘግየት የለበትም። በንግድ ሕጋችን አደጋው ከታወቀ ጀምሮ ቢበዛ በአምስት ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሦስት ቀን ለቅሶ፣ ሁለት ቀን ሽምግልና እየተባለ ቀኑ ያልፋል።

የቤት መድንን በተመለከተ እናቶችም አባቶችም ልብ በሉልን። የተለመደው የእሳትና የመብረቅ መድን ነው፤ ዝርፊያ፣ ጎርፍና የመሬት መንሸራተት ለየብቻ ካልተጠየቁና ካልተጻፉ ላይኖሩበት ይችላሉ። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ጭቃ ነው በሉ፤ ብሎኬት ብሎ አስመዝግቦ አረቦን የቀነሰ ሰው በእሳቱ ማግስት የሚያገኘው ክርክር ነው። ዋናው ወጥመድ ግን የቤቱ ግምት ነው። ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት ከዓመታት በፊት በተገመተበት በ1 ሚሊዮን መድን ተገብቶለት ይቀመጣል። ማድ ቤቱ ተቃጥሎ 400 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ፣ ግምቱ የእውነተኛው ዋጋ ግማሽ ስለሆነ የሚከፈለው ግማሹ፣ 200 ሺህ ብቻ ነው። የቀረውን ባለቤቱ ራሱ መድን እንደሰጠ ይቆጠራል። ስለዚህ ውሉን በየዓመቱ ስታድሱ ግምቱንም አድሱ። አብዝቶ መገመትም አይጠቅምም፤ ካሳ ከደረሰው ጉዳት አይበልጥምና።

ጦርነትም በተለመደው ውል ውስጥ የለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ንብረታቸውን ያጡ ወገኖቻችን አሉ። የሁከትና የሽብር ሽፋን ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት ለብቻ የሚገዛ ነው፤ እሱም ቢሆን የቱን እንደሚያካትት ቃል በቃል ይነበብ።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ይቆጨናል። «የኩባንያ ገንዘብ ነው» እያሉ 30 ሺህ የፈጀውን ጥገና 50 ሺህ የሚያስጽፉ፣ መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ ገጭቶ ሳለ «አባትየው ነው የነዳው» ብለው የሚመሰክሩ ሙስሊሞች እንዳሉ እናውቃለን። ይህ ኩባንያው የንግድም ቢሆን ስርቆትና የሐሰት ምስክርነት ነው። ተካፉል ላይ ሲሆን ደግሞ የሚወሰደው ገንዘብ የሌላው ሾፌር፣ የሌላዋ ባልቴት መዋጮ ነው።

ወደ ወንድማችን እንመለስና፤ ሁለቱን ወረቀቶች ካወዳደርን በኋላ ሊብሬውን እንዲያሳየን ጠየቅነው። የመኪናው ስም አሁንም በሻጩ ነው። እሱ በውክልና ነው የሚነዳው፣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። መድን ሊገባ ያሰበው ግን በራሱ ስም ነበር። እንዲህ ባለ ውል አደጋ ቢደርስ «መኪናው ያንተ አይደለም» የሚል ክርክር ይነሳበታል፤ ሻጩ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል፣ ከወራሾች ጋር መካሰስም ይከተላል። «እንግዲያስ ስሙን ላዛውር» አለ። ሁለቱን የዋጋ ወረቀቶች እኛው ዘንድ ትቶ ሊብሬውን ይዞ ሻጩን ፍለጋ ሄደ። ሲመለስ ስለ ተካፉሉ የጻፍንለትን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ባሕር ዳር ይወርዳል፤ ያገኘውን መልስም ኢንሻአላህ በሌላ ዝግጅት እናሰማችኋለን።