ጓሳና ጠባቂዎቹ
(ለመምህራን ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ተማሮችን ይዞ ለአንድ ቀን ጉብኝት መውጣት በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነገር ኾኗል። ዳሩ ግን ልጆቹ ብዙውን ጊዜ አውሬውን አይተው፥ ተደንቀው፥ ስንቃቸውን በልተው ይመለሳሉ፤ አውሬው በዚያ ስፍራ እስከ ዛሬ የቈየው በማን ድካም እንደ ኾነ የሚጠይቃቸው የለም። በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ለዚህ ጥያቄ እጅግ የተመቸ ነው።

ከመሐል ሜዳ ከተማ ማልዶ የተነሣ ክፍል ሳይመሽ ሊመለስ ይችላል። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ፥ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት ውርጫማ አገር ነውና፥ ባና ያልደረበ ልጅ ከትምህርቱ ይልቅ ብርዱን ያስታውሳል። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል፤ ጭላዳው በመንጋ ሣር ይነጫል። በመንጋውም መካከል ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይመላለሳል፤ ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። በ2007 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ይኸው ቀበሮ በጭላዳ መካከል ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይቀናዋል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ጊዜ ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘው ይህ እንስሳ በቁጥር ወደ 500 ገደማ ብቻ ነው።

የአገሩ ሰው ግን አስቀድሞ የጠበቀው ቀበሮውን አይደለም፤ ሣሩን ነው። በጓሳ ሣር ቤት ይከደናል፥ ገመድ ይገመዳል፥ ዝናብ መከላከያው ገሳ ይሠራል። ስለዚህም ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ነበረ በሚነገረው በቄሮ ሥርዓት፥ ምድሩ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይከርም ነበር። ሣሩ ሲደርስ አባ ቄራ የሚባለው አለቃ የመክፈቻውን ቀን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ያስነግራል። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፥ ቀጥሎ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባ፥ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5 ቀን፥ ሁሉም ለቆ ይወጣል። ቀኑ ማንም የሚያውቀው በዓል ስለ ኾነ፥ «አልሰማሁም» የሚል ሰው ሰበብ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ሕግ ያለ ጽሕፈት ይህን ያህል ዘመን መኖሩ በክፍል ውስጥ ሊነገር የሚገባው ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስትን ሲሽር ሥርዓቱም ዐብሮ ወደቀ፤ ምድሩ ለማንም ክፍት ኾነ፤ ሣሩም ተጐዳ። በኋላ የአገሩ ሰዎች በኮሚቴ ተደራጅተው የቀድሞውን ልማድ ከአዲሱ አስተዳደር ጋራ አስማምተው ጥበቃውን እንደ ገና አቆሙ። የቀድሞው ሥርዓት የሚጠቅመው ባለ ርስቱን እንደ ነበረ ግን ለተማሮች መሸሸግ አይገባም።

ልጆቹም ከመመለሳቸው በፊት ከአካባቢው ተወላጆች ከኾኑት ጠባቂዎች አንዱን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የመንዝ ቤት ዛሬ በቆርቆሮ እየተከደነ ሲኼድ፥ ጓሳውን ስለ ምን ትጠብቃላችሁ? መምህሩ ግን መልሱን ቀድሞ አይንገራቸው።