የጅራታሙ ኮከብ ፎቶ
(ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቡሬ፣ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)



ሰሞኑን ከአዲስ አበባ የመጣች አባላችን በስልኳ ይዛው የመጣችውን የጅራታም ኮከብ ፎቶ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። አንዳንዶቻችሁ «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» አላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁም ደነገጣችሁ። ፎቶው እውነተኛ ነው። ኮከቡን በ2015 ዓ.ም. በቻይናና በደቡብ አፍሪካ ያሉ መመልከቻዎች አገኙት፤ ስሙም ጹቺንሻን አትላስ ይባላል። መስከረም 17፣ እኛ መስቀልን ስናከብር፣ ለፀሐይ እጅግ ቀርቦ አለፈ። ጥቅምት 2 ደግሞ ለምድር ቀረበ። ቀረበ ስንል 70 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው።

ኮከብ ይባል እንጂ በረዶና አቧራ ነው። ፀሐይ ስታሞቀው በረዶው ይተናል፣ አቧራውም ይበተናል፤ የተበተነውን የፀሐይ ብርሃን እየገፋ ያርቀዋል። ስለዚህ ጅራቱ ሁልጊዜ ከፀሐይ በተቃራኒ ይዘረጋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሽቅብ ቆሞ የታየው ለዚህ ነው፤ ማንንም ሊመታ የተነሣ አለንጋ አይደለም።

«ጅራታም ኮከብ ከታየ ጦርነት ወይም ረሃብ አለ» ሲባል ሰምተን አድገናል። በዚህ ጊዜ ልቧ በደነገጠ እናት አንፈርድም። ነገር ግን ሃሌይ የሚባለው ጅራታም ኮከብ በግንቦት 1902 ሰማይ ላይ ሲታይ፣ እቴጌ ጣይቱ ከሥልጣን ከተነሡ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ያነሣቸው የመኳንንቱ ውሳኔ እንጂ ኮከብ አይደለም። ያው ኮከብ በ1978 ተመልሶ መጣ፣ በ2053ም ይመጣል። የመምጫ ዓመቱ አስቀድሞ የተቆጠረ ነገር ስለ እኛ ጠብ ምን ያውቃል?

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት እህቶቻችን ኮከቡን ፈርተው ቁጠባቸውን አውጥተው እህል ሊገዙ ጠይቀዋል። ገንዘቡ የራሳቸው ነው፣ ማንም አይከለክላቸውም። ግን በጥቅምት፣ የአምናው በቆሎ አልቆ የዘንድሮው ገና ጎተራ ሳይገባ፣ እህል ውድ ነው። እስከ ታኅሣሥ ቢታገሡ በዚያው ብር የበለጠ ይሸምታሉ። የግድ ከሆነም ሰማዩን ሳይሆን ጎተራቸውን አይተው ይወስኑ።

አሁን ወደ ፎቶው። አዲስ አበባ መብራቷ ብዙ ስለሆነ መሀል ከተማ የቆመ ሰው ጅራቱን እንደ ልብ አያየውም። ኮከቡ በምዕራብ ነውና፣ ያነሣው ሰው በአምቦ መንገድ ወደ ሆለታ ወጥቶ ከተማውን ከጀርባው አደረገ። በምሥራቅ በኩል ቢወጣ ኖሮ የከተማው መብራት ከፊቱ ሆኖ ጅራቱን ይውጥበት ነበር። ቡሬ ግን ይህ ሁሉ መንገድ አያስፈልግም፤ የምናማርረው የመብራት መጥፋት እንኳ ለአንድ ማታ ይጠቅመናል!

ዛሬ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ። ዝቅ ብላ አድምቃ የምታበራው ቬነስ ናት፤ ጅራታሙ ከእርሷ በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ ነው። ጨረቃ ዘግይታ ስለምትወጣ ሰማዩ ይጨልማል። ኮከቡ እየራቀ ስለሆነ ደብዝዟል፣ ለዓይን ትንሽ የጉም ቁራጭ ይመስላል፤ ስልክ ግን ለጥቂት ሰከንድ ብርሃን እያጠራቀመ ስለሚያነሣ ከዓይናችን ይበልጥ ያሳያል። ስልኩን በእጃችሁ አትያዙት፣ ድንጋይ ወይም የእህል ከረጢት ላይ አስደግፉት። ፍላሹን አጥፉ። የሌሊት ማንሻ ካለው እርሱን ክፈቱ፤ ቆጣሪውን 3 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን አንሡ። ከግቢ መውጣት አያስፈልግም፤ በዚህ ጊዜ በማታ መውጣትንም አንመክርም።

ደህና ስልክ ያላችሁ ጎረቤቶቻችሁን ጥሩ፣ በተለይ የፈሩትን። የተነሣውን ሁሉ በኅዳር ስብሰባችን አብረን እናየዋለን።