ጽሑፋችን እንዲገኝ



መልካም ጽሑፍ ካልተገኘ፥ በጉድጓድ እንደ ተረሳ እህል ነው። የዛሬ አንባቢ አስቀድሞ ጉግልን ይጠይቃል። ተራራችንን ግን አንዱ ራስ ደጀን፣ ሌላው ራስ ዳሸን ይለዋል፤ «ሰሜን» ብቻ ብንልም ተራራው ከአቅጣጫው ጋር ይደባለቃል።

ስለዚህ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ ስንጽፍ፥ ሁለቱንም ስሞች ከደባርቅ ጋር በአርእስቱና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እናኑር። ነገር ግን ለመገኘት ስንል አንዱን ቃል እየደጋገምን አናሰልች፤ እንግዳ ጠርቶ ባዶ መሶብ ማቅረብ ያሳፍራልና።

ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ አባቶቻችን የሚያውቁትን ጽፈን ካላስገኘን፥ ልጆቻችን አገራቸውን ከሩቅ ሰው ይማራሉ። እንግዲህ እንበርታ!