ከተማን በአንድ ጥራዝ

እ.ኤ.አ. በ1995 የዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በታሪክ ምሁሩ ኬኔት ጃክሰን አርታኢነት የተዘጋጀውን የኒው ዮርክ ከተማ ኢንሳይክሎፒዲያ አሳተመ። ከድልድይ እስከ ጋዜጣ፣ ከወረርሽኝ እስከ ቤዝቦል፣ ከ4,000 በላይ ርዕሶችን በፊደል ተራ የያዘ ወፍራም ጥራዝ ነው። ሁሉም ነገር ስልክ ላይ እያለ ይህ ምን ይሠራል የሚል ይኖራል። አንድ ቀን ወይም አንድ ስም ለማግኘት ብቻ ከሆነ በርግጥም ስልኩ ይቀድማል። የከተማ ታሪክ ግን ያለው በነገሮች ትስስር ውስጥ ነው። በ1832 ኒው ዮርክን ኮሌራ መታት፤ በ1835 ታላቅ ቃጠሎ የንግድ ሰፈሯን አወደመ፤ በ1842 ከክሮተን ወንዝ የተጠለፈ ንጹሕ ውሃ ገባላት። እነዚህን ለየብቻ የሚያነብ ሦስት ክስተት ያያል፤ በአንዱ ጥራዝ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየተመራ የሚያነብ ግን ንጹሕና በቂ ውሃ ማጣት ከተማዋን ምን እንዳስከፈላት ይረዳል።

መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። እውነት ነው፤ የመጀመሪያው እትም ሲወጣ የዓለም ንግድ ማዕከል መንትዮቹ ሕንፃዎች ቆመው ነበር፤ ሁለተኛው በ2010 ሲታተም አልነበሩም። እኔ ግን ትልቁ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ድረ ገጽ ሲታደስ የትናንቱ ጽሑፍ ከዓይን ይሰወራል፤ የታተመው ግን ከተማዋ በ1995 ስለ ራሷ ምን ታውቅ እንደነበር ይመሰክራል። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት አዲሱን እትም ሲገዙ አሮጌውን አይጣሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ።