ስለ ባለ አምስት ፌዝ ሞተርና አስቀድሞ ስለሚያሰላ መቆጣጠሪያ



የዛሬው ንግግራችን የመሐንዲሶች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በከላላ ወፍጮ ቤት ደጃፍ እህል ይዞ ተራ የጠበቀ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከሦስቱ ፌዞች አንዱ ሲጠፋ (ፌዝ ስንል ቀልዱን አይደለም) ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል፤ ፈጥኖ የሚያጠፋው ካልተገኘም ጥቅሉ ይቃጠላል። ያን ዕለት እናቶች እህሉን እንደ ተሸከሙ ይመለሳሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሦስት አንዱ ሲጎድል በቀሩት ሁለት ሽቦዎች የሚመላለሰው አንድ ጅረት ብቻ ስለሆነ የተስተካከለ የሚዞር መስክ ሊፈጥር አይችልም። ከአምስት አንዱ ቢጎድል ግን አራቱ ሸክሙን ተካፍለው፣ ጉልበቱ ቢቀንስም፣ ማዞሩን ይቀጥላሉ። ዋርድና ሃረር የተባሉ ተመራማሪዎች በኢንቨርተር የሚነዳ ባለ አምስት ፌዝ ሞተር ጥናታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር።

ታዲያ ለአራቱ ሸክሙን ማን ያካፍላቸው? እዚህ ላይ ነው አስቀድሞ የሚያሰላው መቆጣጠሪያ የሚገባው። ገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት የመጨረሻው ጠጠር የት እንደሚያርፍ ይቆጥራል። መቆጣጠሪያውም እንዲሁ ነው። የባለ ሦስት ፌዝ ኢንቨርተር ማብሪያ ማጥፊያዎች 8 ዓይነት አቋም ሲኖራቸው የባለ አምስቱ 32 አላቸው። ኮምፒዩተሩ ጅረቱንና ፍጥነቱን ለክቶ፣ እያንዳንዱ አቋም ቢመረጥ ጅረቱ ወዴት እንደሚሄድ በሞተሩ ቀመር ያሰላል፤ ከሚፈለገው ጋር የሚቀራረበውን ይመርጣል፤ ይህንንም በሴኮንድ ሺህ ጊዜያት ይደጋግማል። አንድ ፌዝ ሲቋረጥ ምርጫው ወደ 16 ይወርዳል፤ ቀመሩም አብሮ መለወጥ አለበት።

ችግር የለውም አንልም። በባለ አምስት ፌዝ ሞተር ውስጥ ከሚያዞረው ጅረት ሌላ፣ በተለመደው አጠቃለል ሙቀት እንጂ ጉልበት የማይሰጥ ጅረት አለ። ለመጀመሪያው የሚበጀው አቋም ሁለተኛውን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ በአንድ የጊዜ ክፍል ውስጥ ሁለት አቋሞችን ቀላቅሎ የማይፈለገው ጅረት በአማካይ እንዲጣፋ ማድረግ ነው።

ይህን ሁሉ ለወፍጮ ቤቱ እንግዛለት ብንል ግን ሞኝነት ነው። የወፍጮው ችግር የሚመጣው ከመስመሩ ነው፤ ፌዝ ሲጎድል የሚያጠፋ ርካሽ ሪሌ ይበቃዋል። የእኛ ሐሳብ ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና በዝቷል። በኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩ ራሱ ፍሬን ያግዛል። ሰው የሞላ አውቶቡስ በዚያ ቁልቁለት ሲወርድ አንድ ፌዝ ቢቋረጥ የሚባክነው ዱቄት አይደለም።

ባለ አምስት ፌዝ ሞተር ከሱቅ አይገኝም፤ ስለዚህ የተቃጠለ ሞተር እንደገና መጠቅለል አለብን። 36 ስሎት ያለው ስታተር ለአምስት አይካፈልም፤ ለስድስት ግን ይካፈላል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሞተራችን ባለ ስድስት ፌዝ ይሆናል ማለት ነው፤ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ያላችሁ ለማኅበሩ አምጡልን።