ስለ መዓዛማ ዘይትና ስለ ሆርሞን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ቅጠልና ስለ ዘይት ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቱ ይህ ነው። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜን ጉንፋን ይዞት ሳለ፥ እናቴ ከአዳማ ገበያ የገዛችውን የባሕር ዛፍ ዘይት ደረቱን ልትቀባው ስትል «እማዬ፥ ቆይ» አልኋት። እርሷም «እኔ ባሕር ዛፍ ታጥኜ ያደግሁ ነኝ፤ ምን ይሆናል ብለህ ነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ዛሬ የማቀርብላችሁ ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ነው።

ሆርሞን ከዕጢ ወጥቶ በደም አማካይነት የሚላክ መልእክተኛ ነው። ልጅ ሲያድግ፥ ኮረዳ ጡት ስታወጣ፥ ጎረምሳ ድምፁ ሲጎረንን፥ ትእዛዙ የሚመጣው በሆርሞን ነው። ሆርሞኑ ቁልፍ ቢሆን፥ መልእክቱን የሚቀበለው የሴል ክፍል ጓጉንቸር ነው። ዳሩ ግን ቁልፍ የሚመስል ባዕድ ነገርም አንዳንድ ጊዜ ጓጉንቸሩን ይነካካል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የአሜሪካ ሐኪሞች ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ጡታቸው ስላጎጠጎጠ 3 ወንዶች ልጆች ጻፉ። ልጆቹ ላቬንደር ወይም ቲ ትሪ የተባለው ዘይት ያለበት ሳሙናና ቅባት ይጠቀሙ ነበር፤ ሲተዉት ጡታቸው ወደ ቀድሞው ተመለሰ። ዘይቶቹም በላቦራቶሪ በሰው ሴሎች ላይ ሲፈተኑ፥ ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን በጥቂቱ ሲመስሉና የወንዱን ሆርሞን ሥራ ሲያግዱ ተገኙ። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ብሔራዊ የአካባቢ ጤና ሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች ከዘይቶቹ 8 ንጥረ ነገሮችን ለይተው መረመሩ፤ አንዳንዱ በብዙ፥ አንዳንዱ በጥቂት ሲሠራ፥ ምንም ያልሠራም ነበረ። ከተመረመሩት አንዱ ዩካሊፕቶል ነው፤ በነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኘው እርሱ ነው። ሌላው ሊናሎል ነው፤ ይህም እናቶቻችን ቅቤ በሚያነጥሩበት በኮሰረትና በበሶብላ ውስጥ አለ።

ታዲያ ኮሰረቱን እንጣለው? አይደለም። አንደኛ፥ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያለ ሴል ሕያው ልጅ አይደለም። ሁለተኛ፥ በ2022 በ556 ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት ዘይቶቹን በተጠቀሙትና ባልተጠቀሙት መካከል የሆርሞን ሕመም ልዩነት አላገኘም። ክርክሩ ገና አላለቀም። ሦስተኛ፥ ቅጠልና ዘይት አንድ አይደሉም። ዘይቱ እንደ አረቄ በእንፋሎት ተጣርቶ የወጣ ነው፤ ከብዙ ኩንታል ቅጠል የሚገኘው ጥቂት ነው። ጠላ የጠጣና አረቄ የጠጣ እኩል እንዳልሆኑ ሁሉ፥ ቅጠል ያሸተተና ዘይት በየቀኑ የተቀባም እኩል አይደሉም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ያልተበረዘ ዘይት ሕፃን ልጅ አትቀቡ። የባሕር ዛፍ ዘይት ቢጠጣ መርዝ ነውና ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ። የወንድ ልጅ ጡት ያለ ጊዜው ቢያጎጠጉጥ ለሐኪም አሳዩ፤ የሚቀባውንም ሳትደብቁ ንገሩ።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ላቬንደርን የመረመሩት ሌሎች ናቸው። ኮሰረትን፥ ጦስኝን፥ አሪቲን ማን ይመርምርልን? ከሻሸመኔ አጠገብ በወንዶ ገነት ስለ መዓዛማ ዕፀዋት የሚመራመር ማዕከል አለ። ከእኛም መካከል ወደዚያ የሚሄድ ቢገኝ ምኞቴ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኋት። ዘይቱ አሁን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ኮሰረቱ ግን ከቅቤዋ አልጠፋም።